ይድረስ ለልጄ፤ ከደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ መልስ

ቡኢ፣ ኅዳር 4 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይቆረጥማታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ጤፉ ሊታጨድ ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጥቷል። ወንድምሽ ሱቁን እንደያዘ ነው፤ ይህን ደብዳቤም ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ እሱ ነው።

አሠሪዎችሽ በገዛ ጀልባቸው ይዘውሽ ስለዋሉበት ቀን የጻፍሽውን እናትሽ እየደጋገመች አስነብባኛለች። ፎቶዎቹንም አይታ አልጠገበችም። ገደሉ ላይ የተሰቀሉት የፖዚታኖ ቤቶች፣ ከበላያቸው ያለው የሎሚ እርከን፣ ከታች ያ ሰማያዊ ባሕር። «እንዲህ ያለ ገደል ላይ ልጅ እንዴት ተብሎ ያድጋል?» ትላለች። የአማልፊ ዳርቻ በፈረንጆቹ በ1997 ነው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፤ ጎረቤታችን ጥያ ከትክል ድንጋዮቹ ጋር በ1980 ቀድሞታል። ይህን የምልሽ ያየሽውን ላሳንስብሽ ብዬ አይደለም። የተወለድሽበትም ወረዳ በዚያው መዝገብ ላይ እንዳለ ለሰዎቹ እንድትነግሪልኝ ነው። አንቺን ግን ፀሐይ ላይ ቆመሽ ስትስቂ ሳይሽ፣ የወሰዱሽን ሰዎች መርቄያቸዋለሁ።

አንድ ቃልሽ ልቤ ውስጥ ቀረ። መጨረሻው ላይ «ጀልባው ላይ ሆኜ እናንተን ሳስብ ከፋኝ» ብለሻል። ይህን የምጽፍልሽም ለእሱ ብዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኛም በጀልባ ዋልን። ቀኑን ሙሉ አንቺ አፋችን ላይ ነበርሽ፤ ግን አልከፋንም፤ አንቺን ይዘን የምንመለስበትን ጊዜ ስንማከር ዋልን።

ነገሩን ያመጣው ወንድምሽ ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩለት በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ጾመ ነቢያት ሳይገባ ዝዋይ እንሂድ፤ ጀልባ ለብቻችን እንከራይ» አለ። እናትሽ ገንዘቡን አስባ «ከሰው ጋር ብንሳፈርስ?» አለችው። እሱ ግን እምቢ አለ። ከሰው ጋር የተሳፈረ ሰው ሌላው በወረደበት ይወርዳል፣ ሌላው ሲቸኩል ይመለሳል። እሱ የፈለገው ቀኑ የእኛ እንዲሆን ነበር። ሁላችንንም አንድ አንድ ቦታ ምረጡ አለን። እናትሽ ሳታመነታ ደሴቷ ላይ ያለችውን የደብረ ጽዮንን ቤተ ክርስቲያን አለች። እኔ የመቂ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ መረጥኩ። እሱ ደግሞ ጉማሬ ማየት ፈለገ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ቡታጅራ ስንገባ ጎሕ ቀዶ ዘቢዳር መታየት ጀምሯል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ቁልቁል ወረድን። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ በልጅነትሽ በርበሬ ልንገዛ ቆሼ ድረስ ይዤሽ ሄጄ ነበር። የማረቆ በርበሬ አሁንም በየደጁ ተሰጥቶ መንገዱን ዳርና ዳር አቅልቶታል። እንሰቱ እየሳሳ ሄዶ ያልቅና ግራር ይተካዋል። እናትሽ ከእንሰት አገር ስትወጣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የመጨረሻውን ጓሮ አይታ አለፈች። የእኛ ቡኢ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር በላይ ናት፤ ሐይቁ ያለው 1636 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ያለችው ባቱ ከተማ ስንደርስ ጋቢያችንን አውልቀን ነበር።

ጀልባዋ ነጭ ፋይበር ናት፤ ከኋላዋ ሞተር፣ ከላይዋ ለፀሐይ የተወጠረ ሸራ አላት። ነጂው በሐይቁ ደሴቶች ከሚኖሩት ከዛይ ሰዎች የተወለደ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ላይፍ ጃኬት ሲያስርላት እናትሽ ነጠላዋን አልፈታም አለች። ልጁ አልተቆጣትም። ጃኬቱን ከውስጥ አስሮ ነጠላዋን ራሱ ከላይ አጣፋላት። ወላጆቹ በደንብ ያሳደጉት ልጅ መሆኑን ያኔ አወቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሞተሩም ስለ ማዕበሉም አልሰጋሁም።

እንደተነሣን እናትሽ ዓይኗን ጨፍና በአንድ እጇ ጉልበቴን ጨብጣ «አባታችን ሆይ» ትል ጀመር። ከወደቡ ራቅ እስክንል አልገለጠችም። ስትገልጥ ዙሪያዋ ውሃ ነው፤ ወደ አርሲ በኩል የጭላሎ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ወደ ውሃው ሰደደች። ጀልባዋ በፍጥነት ስለምትሄድ ውሃው በጣቶቿ መሐል እየተሰነጠቀ እስከ ክንዷ ይረጫት ነበር። እጇን አላነሣችም። ልጄ፣ ከእናትሽ ጋር ስንት ዘመን እንደኖርኩ ታውቂያለሽ፤ እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። ወንድምሽ ፎቶ ሊያነሣት ሲል እጁን ያዝኩት። ይህን ግን አንቺ ስትመጪ በዓይንሽ እንድታዪው ነው።

ጥልቀቱን ጠየቀችኝ። እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 9 ሜትር ገደማ ነው ስላት አላመነችም፤ እንዲህ ሰፍቶ እንዴት ጥልቀቱ እንዲህ ያንሳል ብላ። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከእሱ በስተደቡብ ያለው ሻላ በስፋት ያንሰዋል፣ ጥልቀቱ ግን 266 ሜትር ይደርሳል። ክፍል ውስጥ ስላስተማርኩሽ ታስታውሺ ይሆናል፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ በጥንት ዘመን፣ ዝናብ በበዛበት ጊዜ፣ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ነጂው ልጅ ይህን ሲሰማ ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ወደ እኔ ጠጋ አለ፤ አያቱም ሐይቁ ድሮ እስከ ተራሮቹ ሥር ይደርስ ነበር ይሉ እንደነበር ነገረኝ። ሃምሳ ተማሪ ፊት ስናገረው የኖርኩትን ነገር ሐይቁ መሐል፣ ሐይቁ ከሚያሳድረው ሰው አፍ መስማት ሌላ ነገር ነው።

በመንገዳችን የደንገል ታንኳ ላይ ሆኖ መረብ የሚያነሣ ዓሣ አጥማጅ አገኘን። ታንኳው ውሃው ላይ ለጥ ስላለ ሰውየው ከሩቅ ሲታይ ሐይቁ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ቆሮሶ ነበር የያዘው። ወንድምሽ ዋጋ ሊጠይቅ ሲል ልጁ ከለከለው፤ ስንመለስ ወደቡ ላይ ተጠብሶ እንደምናገኝ ነገረው።

ቱሉ ጉዶ ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀብን። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ደብረ ጽዮን ያለችውም እዚህ ነው። ዳገቱ ላይ የዛይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ የካቡት እርከን ከላይ እስከ ታች ይታያል። አንቺ በፎቶ የላክሽልኝን የሎሚ እርከን አስታወሰኝ። የሰው ልጅ መሬት ሲያጥረው በአማልፊም ሆነ በደንበል መላ አላጣም። ዛይኛ የሚናገሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ለስልጥኛ፣ ለወላኔኛና ለሐረርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለት ሴቶች ዳገቱ ላይ ቆመው ሲጨዋወቱ ሰምቼ ትርጉሙ ሳይገባኝ ዜማውን ግን የማውቀው መሰለኝ።

እናትሽ ከቤት ከወጣን ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰችም፤ ጠበል እስክጠጣ ብላ። ዳገቱ ለጉልበቷ ቀላል አልነበረም። ወንድምሽ ልዘልሽ ቢላት አኮረፈችው። በእኔ ክንድና በከዘራዋ እያረፈች ወጣች። ቅጥሩ ጋ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ድንጋዩን ተሳለመችና ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ምን እንዳለች አልጠየቅኋትም። ስምሽን ግን ሰምቻለሁ።

ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። የብራና መጻሕፍቱን አውጥተው አሳዩን፤ ቅጠሉን የሚገልጡት በጨርቅ ይዘው ነው። በአባቶች ትውፊት በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው ሸሽተው ወደዚህች ደሴት አምጥተዋታል፤ 70 ዓመትም እዚህ ቆይታለች። ቄሱ ይህን ሲናገሩ ትናንት ያዩትን የሚነግሩን ያህል ነበር። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን መጽሐፉን በውሃ መሐል ጠብቆ ለዚህ ዘመን ያደረሰው ሕዝብ ቁጥሩ ይህን ያህል ጥቂት መሆኑ አስደነቀኝ። የፊታችን ኅዳር 21 የጽዮን ዕለት ሐይቁ በጀልባ፣ ደሴቷም በሰው ትሞላለች አሉን። እናትሽ ጠበሏን ጠጥታ ላንቺ በሃይላንድ ሞላች። እንዴት እንደምትልክልሽ ገና አላወቀችም፤ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀምጣዋለች።

ከዛፍ ጥላ ሥር ምሳችንን በላን። ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን ክትፎ ይዛ ነበር። ነጂውን ልጅ ጠርታ አጎረሰችው፤ ቆጮ ሲበላ አይታ አንተም ልጄ ነህ አለችው።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ተራ ነው፤ እሱንም ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ስታነቢው ታስታውሺኛለሽ ብዬ አስባለሁ። ልጁ መጀመሪያ አልተዋጠለትም ነበር። የመቂ አፍ ከደሴቷ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይርቃል፣ ቤንዚንም ይበላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሣል። ዝዋይ ጥልቀት ስለሌለው ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል፣ ወዲያው ማዕበል ያነሣል። ወንድምሽ ቤንዚኑን ጨመረለትና ሄድን።

እኛ ደጅ በክረምት የሚወርደውን ጎርፍ ታውቂዋለሽ። ከሶዶና ከመስቃን ደጋ፣ ከጉራጌ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ተሰባስበው መቂ ይሆናሉ፤ መቂም ወርዶ ዝዋይ ይገባል። ከአርሲ ተራሮች የሚመጣው ቀታር በሌላ በኩል ይገባል። ሐይቁን የሚመግቡት ትልልቆቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ልጅ ሳለሽ ካርታ ላይ በሰማያዊ እርሳስ ከቡኢ አጠገብ ጀምረሽ እስከ ሐይቁ አስምረሽው ነበር፤ መስመሩ ወረቀቱን ቀድዶት ነበር።

ወደ አፉ ስንጠጋ ውሃው ቀለሙን መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ፈዘዝ አለ፣ ከዚያ ደፈረሰ፤ በመጨረሻ ጥርት ያለ ድንበር ታየን፤ በዚህ በኩል የሐይቁ ውሃ፣ በዚያ በኩል ቡናማ። ዝናቡ ካቆመ ሳምንታት አልፈውት እንኳ ወንዙ አፈር ይዞ ነው የሚመጣው። ደንገሉና ፊላው በሁለት በኩል ቆሟል፤ ፔሊካኖች በደለሉ ላይ ተደርድረዋል፣ አባ ኮዳም መሐላቸው ቆሟል። ልጁ ሞተሩን አጠፋው። እጄን ከተትኩና የታችኛውን ጭቃ ዘገንኩ። ቀይ ነው፤ ልስልስ ያለ፣ ጠጠር የሌለበት፤ እኛ ማሳ ላይ ስታርሺ ከጥፍርሽ ሥር የሚቀረው ዓይነት ነው። የቱ ከቡኢ፣ የቱ ከቡታጅራ እንደመጣ ማንም አይለይም። ግን ከደጋው ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ መንገድ ወርዶ እዚህ ለመተኛት መምጣቱ ልቤን ነካው፤ አሳዘነኝም። ያ አፈር እህል የሚያበቅል ነው። የሐይቁንም ወለል እየሞላው ነው፤ ከፍተኛው ጥልቀት 9 ሜትር ለሆነ ሐይቅ ደለል ትንሽ ነገር አይደለም። ወንድምሽን ያኔውኑ ነገርኩት፤ የላይኛው ማሳችን እርከኑ የፈረሰበት ቦታ ከአጨዳው በኋላ ይካባል፤ ከጎረቤቶቹም ጋር ተነጋግረናል።

ዳርቻው ላይ ደግሞ የውሃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ አያቋርጥም። የመቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የባቱ የአበባ እርሻ፣ ሁሉም የሚጠጣው ከዚሁ ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ እኛም የምንበላው ቲማቲም ከእነሱ ነው። ግን ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ አቢያታን የሚያጠጣ ነው፤ እዚህ ሲጎድል እዚያ ይደርቃል፤ አቢያታ ዳርቻውን ለቆ ምን ያህል እንደሸሸ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። ጣና ላይ የሰማነው እምቦጭም እዚህ ገብቷል፤ ወንዙ አፍ አጠገብ ሐምራዊ አበባውን አይተናል። እናትሽ ውበቱን አይታ ልትቀጥፍ ስትል ልጁ «እማማ፣ ተዪው፤ እሱ ነው መረባችንን የሚበላው» አላት። እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ጀልባዋ ማዕበሉ ላይ ትነሣለች ትወድቃለች፤ ውሃው ይረጨናል። ወንድምሽ ቁጭ ብሎ ሸራውን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ እናትሽ ትደነግጣለች ብዬ ስዞር፣ ነጠላዋ ርሶ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ ትስቃለች። ጠዋት «አባታችን ሆይ» እያለች ጉልበቴን የጨበጠችው ሴት ናት! ጉማሬዎቹንም ያየናቸው ያኔ ነው፤ ዳር ዳሩን፣ ፊላው አጠገብ፣ ጆሮና አፍንጫቸው ብቻ ወጥቶ። ልጁ አርቆ ዞረላቸው፤ ከጉማሬ ጋር አይቀለድም አለ። ወንድምሽ ያን ያህል መንገድ ሄዶ ያየው ጆሮ ብቻ ቢሆንም ደስ ብሎታል። ወደቡ ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ በአዋዜ በላን። ዓሣው ትኩስ ነበር፤ አጥንቱን እየለቀመች ለሁላችንም ያደለችው እናትሽ ናት።

ልጄ፣ አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። አንቺ እዚያ የምታስታምሚያቸውን አሮጊት ጥለሽ ነይ አልልሽም፤ የያዝሽው ሥራ የተከበረ ነው፤ ሰው ማስታመም ከሁሉ ሥራ በላይ እንደሆነ እኔ አምናለሁ። የመኖሪያ ፈቃድሽም (ሶጆርኖሽ) እስኪታደስ መጠበቅ እንደፈለግሽ አውቃለሁ። ግን እንደታደሰ ወዲያው ነይ። በመስቀል ይሁን ወይ በሌላ ጊዜ አትጨነቂ። በመስቀል ብትመጪ ቤቱ በዘመድ ይሞላል፤ ከአዲስ አበባ የማይመጣ የለም፤ አንቺን ከእነሱ መሐል ማግኘት ይቸግረናል። ስለዚህ ከበዓሉ ማግስት አንድ ቀን ለእኛ ብቻ ይሁን። የእናትሽ ጉልበት ዘንድሮ ያን ዳገት ወጥቷል። በሚቀጥለው ዓመትም ይወጣ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ላንቺ የምሸፍነው ነገር የለም። እሷ ደብረ ጽዮን ቅጥር ጋ አንቺን ይዛ መቆም ነው የምትፈልገው። እኔም ያንን ማየት ነው የምፈልገው።

የነጂው ልጅ ስልክ ወንድምሽ ጋ አለ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ እንደሚረጋ ነግሮናል፤ ከመነሻችን በፊት ደውለን ጀልባዋን ለቀኑ እናስይዛለን። እኔ ወጪውን ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሬያለሁና ለዚህ ብለሽ ምንም እንዳትልኪ። አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ነይ፤ ለእናትሽ ወፍራም ሶል ያለው፣ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ፣ ቁጥሩ 38። ጥቁር ይሁን ብላለች።

በሰላም ያገናኘን።

የሚወድሽ አባትሽ